ትራክ ሰባት

ታኅሣሥ 2002 ነው፤ ደብረ ብርሃን። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። እኛ ሱቅ ውስጥ እጃችንን የምናሞቀው ከኮምፒውተሩ ጀርባ በሚወጣው ትኩስ አየር ነበር።

ሱቋ ጠባብ ናት። ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ማመልከቻ እንተይባለን፣ ኮምፒውተር እንጠግናለን። ያው ደግሞ በፍላሽና በሚሞሪ ዘፈን እንጭናለን። አልደብቅም፣ የእንጀራችን ግማሽ ከዚያ ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ነው፤ እኛ ግን ከአዋጁ ይልቅ የምንፈራው መብራት መጥፋትን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጡ። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረው እናታቸውን ሊያስታምሙ የተመለሱ ናቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ላፕቶፕ አወጡ። እንደ ሕፃን ነው ያቀፉት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲከፈትም ያንቀላፋል፣ ዝጋ ሲሉትም አይዘጋም» አሉኝ።

አየሁት። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ቫይረስ ጨርሶታል።

«እትዬ፣ ፎርማት ካልሆነ፣ ማለትም ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ካልተጫነ፣ አይድንም።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱን ለኔ ይተዉት። ባክአፕ አደርገዋለሁ፣ ሌላ ቦታ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፤ አንዲት ነገር አትጠፋም።»

ይቺን «አንዲት ነገር አትጠፋም» ባልል ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ሥራውን በደንብ የሠራሁ መስሎኛል። ፎቶውን፣ ሰነዱን፣ ዘፈኑን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገለበጥኩ። የዘፈን ፎልደሩ 212 ፋይል አለው። ገልብጬ ቆጠርኩ፤ 212። መጠኑም እኩል ነው። ከዚያ ጠራረግሁት፣ ዊንዶውስ አዲስ ጫንኩ፣ ድራይቨሮቹን አስገባሁ፣ ፋይሉን ወደ ቦታው መለስኩ። ላፕቶፑ እንደ ፈረስ ሆነ።

ሊወስዱ ሲመጡ «እስቲ አንድ ዘፈን ክፈትልኝ» አሉ። አማርኛ ከፈትኩ። ከራሳቸው ሲዲ ወደ ኤምፒ3 የገለበጡት ነው፤ ጥርት ብሎ ዘፈነ። እንግሊዝኛ ነካሁ። ዘፈን የለም። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፤ ይህን ፋይል ለማጫወት ፈቃድ ያስፈልጋል ትላለች። ቀጣዩን ነካሁ። ያው። ቀጣዩን። ያው። 141ዱም እንግሊዝኛ ዘፈን እንደዚያው ነው።

«የምን ፈቃድ?» አሉ።

እኔም እንደሚያውቅ ሰው «ኢንተርኔት ፈልጎ ነው» ብዬ አገናኘሁት። የዚያን ጊዜው ኢንተርኔት ቡና ተወቅጦ እስኪፈላ ያስጠብቃል። ጠብቀን ጠብቀን የመጣው ገጹ አልተገኘም የሚል ነው። «እስከ ነገ ይቆይልኝ» አልኳቸው፤ ላቤ መጥቷል፣ በዚያ ብርድ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ለኔ ፋይሉ ካለ ዘፈኑ አለ ማለት ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው ጉዱ የገባኝ። ዲአርኤም ይሉታል። እትዬ እንግሊዝኛዎቹን የገዙት ከኢንተርኔት ሱቅ ነው፤ የተሸጡላቸውም ተቆልፈው ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የተመሰጠረ ነው፤ የሚፈታው ቁልፍ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ቁልፉ ለብቻው ከሻጩ ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚገኘው የሻጩ ኮምፒውተር፣ ይመጣና ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ተብሎ በተደበቀ ፎልደር ይቀመጣል። እኔ ምን አደረግኩ? 141 የተቆለፈ ሳጥን በጥንቃቄ አውጥቼ ቤቱን ከነመክፈቻው አቃጠልኩት።

ሻጩ ቢኖር ቁልፉን ድጋሚ ይልክ ነበር። እሳቸው የገዙበት ሱቅ ግን ከተዘጋ ቆይቷል። በዚያ ሰሞን እንዲህ የሆነው እሱ ብቻ አይደለም። ያሁ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2008 የቁልፍ ሰርቨሩን ሴፕቴምበር 30 እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ዘፈኖቻችሁን ሲዲ ላይ አውጡ ብሎ መከረ፤ ቅሬታው ሲበዛ ማካካሻ አቀረበ። የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤን ሙዚቃም በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ሊዘጋ ነበር፤ ሰው ሲጮህበት እስከ 2011 አራዘመው። ለገዢው የተነገረው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው፦ ባለህበት ኮምፒውተር መስማትህን ትቀጥላለህ፤ ኮምፒውተር ወይም ዊንዶውስ የቀየርክ ቀን ግን አበቃ። እትዬ ከዚህ ሁሉ የተረፉት ላፕቶፑን ሳይነካኩ በመቆየታቸው ነበር። እኔ ነካሁላቸው።

«ድጋሚ ማውረድስ?» ትሉ ይሆናል። ያኔ ሱቁ ክፍት ቢሆንም እንኳ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የኢንተርኔት ሱቁ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ዘፈን መሸጥ ሲጀምር ቁልፍ የሌለው ኤምፒ3 ነው ያመጣው፤ የአፕል ኩባንያ የዘፈን ሱቅ አይቲዩንስም በ2009 ጃንዋሪ ቁልፉን ከዘፈኖቹ ሊያነሳ መሆኑን አስታወቀ። የገዛኸውን ዘፈን በነፃ ድጋሚ አውርድ ያለው ግን በ2011 ጁን ነው። ከዚያ በፊት አንዴ አውርደህ ከጠፋብህ ጠፋብህ። ሰው የቁልፉን መነሳትና ድጋሚ ማውረድን ያምታታል። ቁልፍ የሌለው ፋይልም ቢሆን ሀርድ ዲስክህ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ድጋሚ ማውረድ ቢፈቀድም ዘፈኑ ከሱቁ ላይ ከተነሳ ምን ታወርዳለህ?

ጠዋት ለሱቁ ባለቤት ነገርኩት። ሳቀ። «ምን ያስጨንቅሃል፣ ከኛ ላይ ጫንላቸው፤ አንዳንዱ አለን» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ነበረን። የኛዎቹ ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የትም ቢወስዷቸው ይዘፍናሉ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያልከፈለው እኛ ሱቅ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ሌሊት ሌሊት ሠርተው አንዱን በ99 ሳንቲም የገዙት ሴት መስኮት ያያሉ። 141 ዘፈን ወደ 140 ዶላር ነው፤ በጊዜው ምንዛሬ ከ1,700 ብር ያልፋል። የኔ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ አልናገርም።

ሲመጡ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልጠይቅዎት ነው ያጠፋሁት» አልኳቸውና የገባኝን ያህል አስረዳሁ። ብዙ ዝም አሉ። እኔም አፌን መያዝ አቅቶኝ «ከኛ ዘንድ ያለውን ልጫንልዎት?» አልኩ።

«የሰው አልፈልግም» አሉ። «የኔን ነው የምልህ።»

ላፕቶፑን ጋቢያቸው ሥር አስገብተው ሄዱ። ሒሳብ አልጠየቅኳቸውም፤ በምን አፌ?

በሁለተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። በእጃቸው አንድ ሲዲ ይዘዋል። ላዩ ላይ በማርከር «ለመኪና» ተብሎ ተጽፏል። ከሻንጣቸው ኪስ ነው ያገኙት። ሥራ ሲሄዱ መኪና ውስጥ የሚሰሙትን መርጠው ያወጡት ነው፤ 18 ዘፈን።

ልቤ ዘለለ። ምክንያቱም ተራ የሙዚቃ ሲዲ ላይ ሲወጣ ቁልፉ እዚያው ይቀራል፤ ሲዲው ላይ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፌብሩዋሪ ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ ይሄንኑ ነበር የሚሞግተው፦ በ2006 በኢንተርኔት የተሸጠው የተቆለፈ ዘፈን 2 ቢሊዮን አይሞላም፣ በሲዲ ግን ከ20 ቢሊዮን በላይ ያለ ምንም ቁልፍ ተሸጧል፤ ታዲያ ማንን ነው የምንቆልፈው ነው ነገሩ። እኔ ይሄን ደብዳቤ ያነበብኩት ከእትዬ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፎርማት የሚል ሰው ሲመጣ መቁጠር ትቻለሁ። ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ከያንዳንዱ ፎልደር እየከፈትኩ አጫውታለሁ። ደንበኛው እየቆመ ይሰለቻል፣ ይሰልች።

ሲዲውን አስገባን። ወደ ኤምፒ3 ሲገለበጥ ግን ስም የለውም፤ ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያለ ይሄዳል። «ስሙን እኔ እነግርሃለሁ» ብለው በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ የጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ። ዘፈኑ ገና ሲጀምር ስሙን ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ላይ ፈገግ ይላሉ። አንዱ ላይ «እሱን እለፈው፣ በኋላ» አሉኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሰባተኛው ላይ ስሙ ጠፋባቸው። ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ከንፈራቸው ከዘፋኟ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስሙ ግን እምቢ አለ።

«ተወው» አሉ በመጨረሻ። «በረዶ የጣለ ሌሊት መኪናዬ መንገድ ላይ ቆሞብኝ፣ ሰው እስኪደርስልኝ ይሄን ነበር የምሰማው። በረዶ ብለህ ጻፈው።»

በረዶ ብዬ ጻፍኩት።