በቃል ቁጥር የሚከፈል ሥራ

ከቤት ሆኜ ለደንበኞች እየጻፍሁ እንደምተዳደር የሚሰሙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ለአንድ ጽሑፍ ስንት እንደሚከፈለኝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን በሰጠሁ ቁጥር ግን ግማሹን ብቻ እንደተናገርሁ ይሰማኛል፤ ምክንያቱም የምጠራው ቁጥር የተጻፈውን ቃል እንጂ ጽሑፉ እስኪደርስ ድረስ ያለፈውን ጊዜ አይገልጽም። የወሩን ሒሳብ በምዘጋበት በዚህ ምሽት ይህንኑ ጉዳይ ለራሴ ዘርዘር አድርጌ ማስፈር ፈለግሁ።

በኢንተርኔት በሚገኘው የጽሑፍ ሥራ ገበያ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በቃል ነው። አንድ ደንበኛ ለአንድ ቃል 3 የአሜሪካ ሳንቲም ለመክፈል ተስማምቶ ባለ 1,000 ቃል ጽሑፍ ቢያዝ፣ በውሉ ላይ የሚታየው 30 ዶላር ነው። ሥራው የተገኘው ባለሙያንና ደንበኛን በሚያገናኘው ፋይቨር የተባለ ድረ ገጽ በኩል ከሆነ ድርጅቱ ከሻጩ ገቢ ላይ 20 በመቶ ስለሚቆርጥ ለጸሐፊው የሚደርሰው 24 ዶላር ይሆናል፤ ገንዘቡን ወደ ባንክ ለማዛወር የሚከፈለው ገና ሳይነካ ማለት ነው። ለንባብና መረጃ ለማመሳከር ሦስት ሰዓት፣ ለመጻፍ ሦስት ሰዓት፣ ደንበኛው አስተያየት ጨምሮ ለሚመልሰው ረቂቅ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመልእክት ልውውጥ ግማሽ ሰዓት ብንመድብ ስምንት ሰዓት ይሞላል። 24 ዶላር ለስምንት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 3 ዶላር ነው። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ጀማሪዎች እምብዛም አይሠሩትም፤ 30 ዶላር በአንድ ቀን መገኘቱ ዓይን ይስባልና።

በዚህ ስሌት ውስጥ ደግሞ መልስ ያላገኙት የሥራ ማመልከቻዎች የወሰዱት ጊዜ የለም። ፋይቨር እ.ኤ.አ. በ2010 አገልግሎቶችን በ5 ዶላር በማቅረብ ሲጀምር ጸሐፊው ሙያውን እንደ ሸቀጥ ዘርግቶ ገዢ የሚጠብቅበት ገበያ ነበር፤ ዛሬም በመሠረቱ እንዲሁ ነው። በ1999 የተመሠረተው ኢላንስና በ2003 የተመሠረተው ኦዴስክ ተዋህደው በ2015 አፕወርክ የተባለውን ስም የያዙበት ገበያ ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ሥራውን የሚያስነግረው ደንበኛው ሲሆን የሚያመለክተው ጸሐፊው ነው። ለማመልከት «ኮኔክትስ» የሚባሉ ነጥቦች ያስፈልጋሉ፤ ነጥቦቹም በገንዘብ ይገዛሉ። ሥራ ለመጠየቅ መክፈል ቅር የሚያሰኝ ቢመስልም ማስታወቂያውን ሳያነቡ አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚበትኑትን ስለሚቀንስ ሥርዓቱን ከነጭራሹ አልነቅፈውም። ቅር የሚለኝ ሸክሙ ይበልጥ የሚያርፈው ገና ምንም ምስክርነት በሌለው አዲስ ጸሐፊ ላይ መሆኑ ነው። በእኔ ልምድ መልስ የሚያመጣው ማመልከቻ አጭሩ ነው፦ ደንበኛው የጠየቀውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውሶ፣ ሥራውን ከመጀመር በፊት መጣራት ያለበትን አንድ ጥያቄ አንሥቶ፣ ከርእሱ ጋር በቀጥታ የሚቀራረብ አንድ ናሙና አያይዞ የሚያበቃው።

እነዚህ ገበያዎች ለሚቆርጡት ኮሚሽን የሚገኝ ጥቅም መኖሩንም መካድ አይገባም። በአፕወርክ በቋሚ ዋጋ በሚሠራ ውል ደንበኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ገንዘቡን በአደራ ያስቀምጣል፤ ጸሐፊው ካስረከበ በኋላ 14 ቀን ዝም ቢባል ክፍያው ይለቀቅለታል። ከዚህ ውጪ በኢሜይል ብቻ የሚደረግ ስምምነት እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ለአንድ ደንበኛ ተከታታይ ጽሑፎች አስረክቤ ክፍያውን ለረጅም ጊዜ ስለተከታተልሁ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

ይሁን እንጂ ከክፍያው ማነስ ይልቅ የሚያሳስበኝ በቃል መከፈል በራሱ በጽሑፉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። አንድን ሐሳብ ከ1,400 ቃል ወደ 900 ማውረድ ከባዱ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ የሚበዛበት ጥንቃቄም እዚያ ላይ ነው። በቃል የሚከፈለው ጸሐፊ ግን ይህን ሲያደርግ ጊዜውን ያጠፋል፤ ገቢውንም በገዛ እጁ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቀውን በሦስት ይለዋል፣ መግቢያውን ያንዛዛል፣ መደምደሚያው ላይ ሁሉንም መልሶ ይደግመዋል። ጸሐፊው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ መለኪያው እንዲህ እንዲያደርግ ስለሚከፍለው ነው። ቁልፍ ቃላትን እየደጋገሙ ድረ ገጽ የሚሞሉ ርካሽ ጽሑፎች የበዙበት ዘመን ከዚህ የተወለደ ነው። ጎግል በ2011 መጀመሪያ ላይ «ፓንዳ» የተባለውን ለውጥ በፍለጋ ሥርዓቱ ላይ ሲያደርግ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ጎብኚ አጥተዋል፤ የአከፋፈል ልማዱ ግን ከእነርሱ ጋር አልጠፋም።

ሲጠየቅ ጽሑፍ የሚያመነጨው ቻትጂፒቲ የተባለ ፕሮግራም በኅዳር 2022 ማብቂያ ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ የተናጋው ይኸው ልማድ ነው። ርዝመት ብቻ የሚፈልግ ደንበኛ ርዝመትን ያለ ክፍያ ማግኘት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ማሽን የጻፈውን «ሰው የጻፈው አስመስልልን» የሚሉ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከአዲስ ጽሑፍ ያነሰ ነው። እኔ አልቀበላቸውም። እንዲህ ባለው ረቂቅ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መረጃ እንደገና ማጣራት ግድ ስለሚል ከባዶ ገጽ መጻፍ ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል።

ከዚህ ጋር የመጣው ሌላ ጣጣ ደግሞ ጥርጣሬ ነው። አንድ ደንበኛ ሙሉ በሙሉ በራሴ የጻፍሁትን ሥራ፣ ጽሑፍን ሰው ወይስ ማሽን ጻፈው ብሎ በሚለይ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ «ማሽን ጽፎታል የሚል ውጤት መጥቷል» ሲል መልሶልኛል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 ያወጣውን ተመሳሳይ መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በዚያው ዓመት በሐምሌ ማንሣቱን ገለጽሁለት፤ ማስረጃው ግን ብዙም አላረካውም። ያሳመነው ሰነዱ ራሱ ነበር፤ የጻፍሁበት ጎግል ዶክስ የተባለ የመጻፊያ ፕሮግራም እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ ስለሚመዘግብ ረቂቁ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንዴት እንዳደገ ማየት ቻለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ በዚያው ሰነድ ላይ ጀምሬ እጨርሳለሁ፤ ሌላ ቦታ ጽፌ አልለጥፍም።

አሁን ዋጋ የምቆርጠው በቃል ሳይሆን ለሥራው በጠቅላላ ነው። ለዚህም ውሉ የሚጻፍበት መንገድ ወሳኝ ነው። ስንት ጊዜ ማሻሻያ እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ማሻሻያ የሚባለው ምን እንደሆነ ጭምር እገልጻለሁ፤ የተስማማንበትን ሐሳብ ማጥራት ማሻሻያ ሲሆን ርእሱን መለወጥ ግን አዲስ ሥራ ነው። ግማሹ ክፍያ አስቀድሞ ይገባል፤ ደንበኛው መሀል ላይ ሐሳቡን ቢቀይር እስከዚያ ለተሠራው የሚከፈለው ይወሰናል። የኒው ዮርክ ከተማ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ሕግ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ፣ በግሉ የሚሠራ ባለሙያ ለሚያከናውነው ሥራ የጽሑፍ ውል እንዲኖር፣ የክፍያ ቀን ካልተወሰነም ሥራው በተጠናቀቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ያስገድዳል። ሕጉ ድንበር ተሻግሮ እኔን ላይጠብቀኝ ይችላል፤ ሆኖም የራሴን ውል ሳረቅ ሁለቱን ነጥቦች ከእርሱ ወስጃለሁ።

በሌላ ሰው ስም የሚወጣ ጽሑፍ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይህን የማደርገው ስሜን ፈልጌ አይደለም። ስሜ ያልተጻፈበትን ሥራ ለቀጣዩ ደንበኛ እንደ ናሙና ማሳየት ስለማልችል ነው። አንዳንዶች ሲጠየቁ በምስጢር ለማሳየት ይፈቅዳሉ፤ ለእነርሱ ቅናሽ አደርጋለሁ።

ቤት ሆኖ መሥራትን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ቤተሰብ ቤት ያለን ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ ለማመን ጊዜ ይወስድበታል፤ በር መዝጋት ደግሞ ይረዳል። ከዚያ የሚከብደው ገቢው ከወር ወር አለመመሳሰሉ ነው፤ በተለይ ከአንድ ደንበኛ የሚመጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ግማሽ ሲያልፍ ያ ሰው፣ ሳይታወቅ፣ አለቃ ሆኖ ያርፋል።

የዛሬውን ማስታወሻ እንድጽፍ ያደረገኝም እንዲሁ ገቢዬን እየጠቀለለ የመጣ አንድ የቆየ ደንበኛ ነው። ለሚቀጥለው ወር ሥራ በቃል እንድንዋዋል፣ ዋጋውም በመጠኑ ከፍ እንዲል ሐሳብ አቅርቧል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቁርጥ ያለ ዋጋ፣ ሁለት ዙር ማሻሻያ፣ ግማሽ ቅድሚያ ክፍያ የሚል መልስ ልኬለታለሁ። እርሱ ቢያንስ 1,500 ቃል ይሁን ብሎ የጻፈውንም መስመር ቢበዛ 1,500 ቃል ይሁን ብዬ ቀይሬዋለሁ።