አራተኛው ቀን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በሙቀቱ ጸጥ ብላለች። ሰዉ በየቤቱ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ግን የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ ገና አራተኛ ቀኔ ስለሆነ ከወዳጆቼ ተለይቼ፣ በረንዳ ላይ የምጠጣው ሆጃ እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነው። ጫቱንም ሺሻውንም የተውኩት ሐኪሙ ስለከለከሉኝ ብቻ ሳይሆን ስለምፈራም ነው። ጥርሱ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ለአጥንቱ ክዳኑ ነው፤ አዲሱ ሥጋ የሚያቆጠቁጠውም በእርሱ ላይ ነው። ያ ደም ቦታውን ከለቀቀ አጥንቱ ራቁቱን ይቀርና እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ያመጣል፤ ይህም የሚብሰው በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አልተጉመጠመጥኩም፣ በኃይልም አልተፋሁም፤ ጎረቤቴ «በአረቄ ተጉመጥመጪ፣ ቶሎ ያደርቅልሻል» ሲሉኝም አመስግኜ ተውኩት። ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እየበጠበጥኩ፣ አፌን ሞልቼ፣ አንገቴን ቀስ ብዬ እያዘነበልኩ አፈስሰዋለሁ።

ድዱ በጥቂት ሳምንታት ይገጥማል፤ አጥንቱ ጉድጓዱን ሞልቶ እስኪጠነክር ግን ወራት ይፈጃል። ሐኪሙ ይህን ሲነግሩኝ ጨምረው ያነሷት አንዲት ነገር ናት ከዚያ ወዲህ ከልቤ ያልወጣችው፦ ጥርስን አቅፎ የሚይዘው አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ነው፤ ጥርሱ ሲሄድ የሚሸከመው ስለሚያጣ እየሳሳ ይሄዳል። በ1 ዓመት ውስጥ ስፋቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚበዛውም የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው።

አያቴ ትዝ አሉኝ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ አገጫቸው ወደ አፍንጫቸው የተጠጋው በእርጅና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥርሳቸውን ግን በየጊዜው፣ አንዱን ከሌላው በኋላ አስነቅለው የጨረሱት ገና ብርቱ ሳሉ ነው፤ ከእያንዳንዱም በኋላ «ተገላገልኩ» ይሉ ነበር። ከጥርሱ ጋር አጥንታቸውም እንደሚሄድ የነገራቸው አልነበረም። ለዓመታት ገንፎና በሻይ የራሰ ዳቦ ሲበሉ ኖሩ፣ እኛም አጠገባቸው ተቀምጠን ሥጋውን እንበላ ነበር። ከሣጥን ያወጣሁት የወጣትነት ፎቶግራፋቸው ላይ ያለው ሰፊ መንጋጋ የእኔው ነው፤ በእጄ ዳሰስኩት።

ሐኪሙ ጥርስ ማስተከል ከፈለግሁ አጥንቱ ሳይሳሳ እንድወስን መክረውኛል፤ ገንዘቡ ቀላል አይደለም፣ ቢሆንም አስቤበታለሁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሕመሙ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ገላግሉኝ» የሚል ነበር። ሥሩ ታክሞ ጥርሱ ሊቆይ ይችል እንደሆነ ለምን አልጠየቅኋቸውም?