ሁለት ካምብሪጅ፣ ሁለት ኦበርን፣ ሦስት ሃሪየት

ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን የተወለደችው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ካምብሪጅ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ ነው። የተቀበረችው ኒውዮርክ ግዛት፣ ኦበርን። እንደሷ ከባርነት አምልጣ ታሪኳን የጻፈችው ሃሪየት ጄኮብስ ደግሞ ያረፈችው በማሳቹሴትሷ ካምብሪጅ፣ ማውንት ኦበርን በሚባል መካነ መቃብር ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጄኮብስ በ1864 እ.ኤ.አ. ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች ትምህርት ቤት የከፈተችው እዚሁ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴም «ቤት ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?» ብለው ተከተሉኝ።

ወደ ሜሪላንዷ ካምብሪጅ ስንሄድ የተሻገርነው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ደገሙ። ክፍያው ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው «ለመመለሻው እኮ ነበር ማስከፈል፤ ይሄን ዳግመኛ ለመሻገር ማን ገንዘብ ያወጣል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሜዳና ረግረግ ነው። ባክታውን መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የእንጨት ሱቅ አለች። ተብማን ልጅ ሳለች ጭንቅላቷን የተመታችው እዚህ ነው። አንድ የባሪያዎች ተቆጣጣሪ ሊያመልጥ ባለ ሰው ላይ የወረወረው አንድ ኪሎ ገደማ የሚሆን የሚዛን ብረት እሷን አገኛት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ በድንገት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። በ1849 ያመለጠችው፣ ከዚያም ወደ 13 ጊዜ ተመላልሳ 70 ያህል ሰው ያወጣችው ይህን ሕመም ይዛ ነው። ሱቁ ተዘግቶ ስለነበር በመስኮት አጮልቀን አየን።

ቢንቢውን ግን ሳላማ አላልፍም። የሀዋሳ ቢንቢ ጨዋ ነው፤ እስኪመሽ ይታገሣል። የዚህኛው በጠራራ ፀሐይ ልብስ ላይ ነው የሚነድፈው። ሰው በዚህ ረግረግ ውስጥ በሌሊት፣ በእግሩ፣ ሕፃን ይዞ እንዴት እንደተጓዘ ያን ጊዜ ገባኝ። በ2017 የተከፈተው የተብማን የጎብኚዎች ማዕከል መግቢያው ነፃ ነው። ብዙ ያስተምራል፤ የቢንቢውን ያህል ግን አላስተማረኝም።

ካምብሪጅ ከተማ መሀል ተብማን ከግድግዳ ወጥታ እጇን የምትዘረጋ የምትመስልበት ሥዕል አለ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት አክስቴን አይተው ቀረቡና እጃቸውን ይዘው የሥዕሉ መዳፍ ላይ አስቀመጡላቸው። ፎቶ አነሱን። ከዚያ ክንዴን አይተው ሳቁና ከቦርሳቸው የቢንቢ መከላከያ አውጥተው ሰጡኝ። ልመልስ ብል እምቢ አሉ። ሁለቱ ሴቶች በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እንጃ፤ ሲለያዩ ግን ተሳሳሙ።

ያደርንበትን ሞቴል ስም አልጠራም። ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ ቤት ሲጮኽ አደረ። ጠዋት ሒሳቡ ላይ 25 ዶላር የውሻ ክፍያ ተጨምሯል። ውሻ የለንም። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ «ሲስተሙ ነው» አለኝ። አክስቴ ተናደው «ውሻውን አምጣና እንውሰደው በይልኝ!» አሉ። ተርጉሜለት አልሳቀም። ብሩም አልተመለሰ።

ወደ ኦበርን ያለው መንገድ ዝናብና ነዳጅ ማደያ ብቻ ነበር።

ኦበርንን ወደድኳት። ተብማን በ1859 መሬቱን የገዛችው ከዊልያም ሲዋርድ ነው፤ በኋላ የሊንከን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆነው ሰው። በ1913 እስክትሞት እዚሁ ኖረች፤ ጧሪ የሌላቸውንም ሰበሰበች። ሲዋርድም እሷም አንድ መካነ መቃብር ውስጥ ናቸው። አክስቴ የተብማን መቃብር አጠገብ ያለውን ትልቅ ዛፍ ተጠግተው ሳንቲም አስቀመጡ፤ የኢትዮጵያ ሳንቲም።

ሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት፣ ሦስተኛዋ ሃሪየት፣ የ«አጎቴ ቶም ጎጆ» ደራሲ የሃሪየት ቢቸር ስቶው ቤት አለ። ያማረ ነው፤ ጎረቤቷ ማርክ ትዌይን ነበር። እኔ ግን እዚያ የገባሁት ሆዴ ሻክሮ ነው። ጄኮብስ ታሪኳን ለመጻፍ ስታስብ በወዳጇ በኩል የስቶውን እርዳታ ጠይቃ ነበር። ስቶው ደግሞ ታሪኩን ወስዳ በራሷ መጽሐፍ ውስጥ ልታስገባው ፈለገች። ጄኮብስ ከፋት። ራሷ ጻፈችው፤ በ1861 በብዕር ስም አሳተመችው። አክስቴ ለስቶው ተከራከሩላት። «ልትረዳት አስባ ቢሆንስ?» አሉ። እንግዲያስ እስክሪብቶውን ታቀብላት ነበር አልኩ። ክርክሩ እስከ ማሳቹሴትስ ዘለቀ፤ የትራፊኩ መጨናነቅም ረድቶታል።

ማውንት ኦበርን ሰፊ ነው፤ ካርታ ካልያዙ ይጠፋሉ። ጄኮብስ ከወንድሟና ከልጇ አጠገብ ናት። ድንጋዩ ትልቅ አይደለም። ይህች ሴት ኢደንተን፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከጌታዋ ሸሽታ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ሰባት ዓመት ገደማ ተደብቃለች። ከፍተኛው ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ መቆም አይቻልም። ልጆቿን የምታየው ራሷ በበሳችው ቀዳዳ ነው። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስተረጉምላቸው አክስቴ ሳልጨርስ «በመከራ ታገሡ... ሮሜ 12 ነው እኮ!» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው «ይቺ ትበልጣለች» አሉኝ። ስለ ስቶው ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

ቀጥሎ ኢደንተን ነው። የአያቷ ቤት ዛሬ የለም፤ ቢሆንም መሄዴ አይቀርም። የሞቴሉን ሒሳብ ግን ከመተኛቴ በፊት ነው የማነበው።