የውሃ ጠርሙስ ለሕፃናት ትንፋሽ፦ የቤተሰባችን ሥራና ጉዞ

እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ባለቤቴ የማደንዘዣ ሐኪም ናት፤ አባቴም እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተምረው በገጠር ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ጤና መኮንን ናቸው። ሦስታችንንም ያሳሰበን ጥያቄ አንድ ነበር፦ በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ኦክስጅን እየተሰጠውም መተንፈስ ሲያቅተው፣ የመተንፈሻ ማሽን በሌለበት ሆስፒታል ምን ይደረግለት?

መሠረታዊው መልስ ከእኛ በፊት ተገኝቷል። የባንግላዴሹ ሐኪም ዶክተር ጆባየር ቺስቲ ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ጨምረው የሕፃናትን ትንፋሽ የሚያግዝ ዘዴ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በተለመደው ዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከታከሙት ሕፃናት 15 በመቶው ሲሞቱ፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። ሕፃኑ የሚያስወጣው አየር በቱቦ አልፎ ውሃ ውስጥ አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ የቱቦው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ያንኑ ያህል የውሃ ግፊት ሳንባውን ከፍቶ ይይዘዋል።

የእኛ ፈጠራ ይህን ዘዴ ለአገራችን የሌሊት ተረኛ ማመቻቸት ነው። አባቴ «ነርሷ በባትሪ ብርሃን ማንበብ ካልቻለች ሠራን አትበሉ» ስላሉን፣ ጥርት ያለ የሃይላንድ ፕላስቲክ ላይ ወፍራም የሳንቲ ሜትር መስመሮች አሠመርን፤ ቱቦውንም ከፍ ዝቅ እንዳይል ከቀጭን ዘንግ ጋር አሠርነው።

በዕረፍት ጊዜያችን ይዘነው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ደባርቅ ስንጓዝ፣ ያላሰብናቸው ነገሮች ገጠሙን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሕፃን የደም ኦክስጅን ልኬት እንኳ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የደረት መሰርጎድንና ድካምን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራው መሣሪያ (ኮንሰንትሬተር) ስለሚቆም የኦክስጅን ሲሊንደር ከጎኑ መኖር አለበት። አረፋው ከተቋረጠ አየር የሚያፈስ ቦታ መፈለግ፣ ውሃው ሲተን መሙላት፣ አፍንጫው እንዳይቆስል በየጊዜው ማየትና ሆድ በአየር እንዳይነፋ በአፍ ቀጭን ቱቦ ማስገባት ባለቤቴ በየሆስፒታሉ ያስተማረቻቸው ናቸው።

አመለካከታችንን ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የማላዊ ጥናት ነው። ሐኪም በየዕለቱ በማይቆጣጠርበት የወረዳ ሆስፒታል፣ ለከፋ አደጋ የተጋለጡ ሕፃናት በዚሁ ዘዴ ሲታከሙ 17 በመቶው ሞቱ፤ በተለመደው ኦክስጅን የታከሙት ግን 11 በመቶ። ያው ዘዴ አንዱ አገር ላይ አድኖ ሌላው ላይ ሊጎዳ መቻሉ በእጅጉ አስጨነቀን። ከዚያ ወዲህ የምንሄድበት ሆስፒታል የኦክስጅን መለኪያ፣ ሕፃኑን ሌሊቱን የሚከታተል ነርስና የሚጠራ ሐኪም ከሌለው ጠርሙሱን እዚያ ትተን አንሄድም፤ ያን ጊዜያችንን የተለመደውን የኦክስጅን አሰጣጥና ከባድ ሕመምተኛን በጊዜ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክን በማስተማር እናሳልፈዋለን።