ሜዳ ብርቅ በሆነበት ከተማ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዳገቱ ግን ያረዝመዋል። ኮምቦልቻ ላይ ኮቴን አውልቄ ነበር የተሳፈርኩት። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ጨርሶ ደሴ ሲገባ እስከ አንገቴ ቆልፌዋለሁ፤ መስኮቱም ሁሉ ተዘግቷል። ጊዜው ነሐሴ ነው። የጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጉም ለብሷል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተሰንቅራ የተሠራች ከተማ ናት። መኖሪያው ዳገት ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ዳገት ላይ ነው። ገበያ ውለው የሚመለሱ እናቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ደልዳላ ስፍራ በዓይን ይፈለጋል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ለጥ ያለ መሬት ተረስቶ ሳይ ያንገበግበኛል።

የተረሳውን ያገኘሁት ከፒያሳ ብዙም ሳልርቅ ነው። (ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ ቃሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ።) ቦታው ሦስት ማዕዘን ነው። በአንድ ጎኑ የዛገ ቆርቆሮ ታጥሮበታል፤ አጥሩ ምን እንደሚጠብቅ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጠኝ። መሐሉ ላይ ውሃ ከተቋረጠበት ብዙ ዘመን የሆነው ፏፏቴ አለ፤ ገንዳው የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶታል። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች አሉ፤ ከሥራቸው ጭቃ።

ያመጣኝ የቆየ ጓደኛዬ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያ ሲሆን፣ ይህ ቦታ ቢለማ ምን ሊመስል እንደሚችል በራሱ ተነሳሽነት ሲነድፍ ከርሟል። ንድፉን ከማየቴ በፊት ግን ቦታውን ልየው ብዬ ሁለት ቀን እዚያው ዋልኩ። ደግሞም ደግ አደረግሁ።

ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት የሚመለሱና ከኪዳን የሚወጡ አረጋውያን እዚያው ይገናኛሉ፤ ቆመው የጤና ይጠያየቃሉ፤ መቀመጫ የለምና ቶሎ ይለያያሉ። አንድ ሰዓት ላይ ሊስትሮዎች በገንዳው ጠርዝ ይደረደራሉ። ከዚያ ተማሪዎች ያቋርጡታል። ረፋዱ ላይ የጉሊት ሴቶች ቲማቲምና ጌሾ ይዘረጋሉ፤ ከእነርሱ አለፍ ብሎ ሰልባጅ ይከመራል። ከሰዓት በኋላ እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ልጆች ከሰላቸውን ያራግባሉ። ሲመሽ መብራት ስለሌለ ሁሉም ይሸሻል፤ ሴቶች በዚያ ላለማለፍ በላይ በኩል ይዞራሉ። ባለሙያዎች «ቅይጥ አገልግሎት» የሚሉት ነገር ማንም ሳይነድፈው እዚህ አለ። የጎደለው ጣሪያ፣ መብራት፣ ውሃና መጸዳጃ ነው።

ጥጉ ላይ ላስቲክ ወጥረው ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ሰባት በርጩማዎች አሏቸው። ፀሐይ ስትወጣ ደንበኞቹ በርጩማቸውን ይዘው ወደ ፀሐዩ፣ ሲያካፋ ወደ ላስቲኩ ይሄዳሉ። ቦታው ሊታደስ ቢታሰብ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ማማሩን ማን ይጠላል? አምሮ እኔ የት ልቀመጥ ነው?» አሉኝ። ሲኒውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና ቀጠሉ። «ውሃ በጀሪካን ገዝቼ ነው የማፈላው። መጸዳጃ ስፈልግ እቃዬን ለሰው አደራ ሰጥቼ ቤቴ ድረስ ነው የምሄደው። ይህን ያደረገልኝ ሰው ዱዓዬ አይለየው።»

የጓደኛዬን ንድፍ ያየሁት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው። ዳር ዳሩን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች፣ ከሥር ሱቆች፣ ከላይ ቢሮና መኖሪያ፤ መሐሉ ግራናይት የለበሰ አደባባይ፤ ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ። የሱቆቹና የመኖሪያው ሐሳብ ትክክል ነው። ማታ ሰው የሚኖርበት አደባባይ ከመስኮት የሚያይ ዓይን አለው፤ ኪራዩም ጠራጊውንና የመጸዳጃ ጠባቂውን ያስተዳድራል። በጀት እየተጠበቀ የሚጠረግ አደባባይ ዕጣው እንደዚያ ፏፏቴ ነው።

በመኪና ማቆሚያው ግን ተከራከርን። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ ከሥሩ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል፤ ያ አዲስ አበባ ነው። የደሴ ተዳፋት አፈር የመንሸራተት ታሪክ ያለው ነው፤ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍም ቦርከና ወንዝ እስኪገባ ድረስ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። እዚህ ጉድጓድ ቆፍሮ ላዩን በግራናይት መድፈን ውሃውን በታች ባሉት ቤቶች ላይ መልቀቅ ነው። ሰፊ ቦይ፣ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን፣ ሥር የሚሰዱበት አፈር ያላቸው ዛፎች ይሻላሉ አልኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

ስለ መቀመጫውም የኒው ዮርኩን ብራያንት ፓርክ አነሣሁለት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መዋያ ነበር። ሰዎች በአደባባይ እንዴት እንደሚቀመጡ ሲያጠና የኖረው ዊልያም ዋይት ከመንገድ የሚከልለው አጥርና ቁጥቋጦ እንዲነሣ፣ መግቢያው እንዲሰፋ መከረ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳግም ሲከፈት ሰው እንደ ልቡ የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮች ተደርገውለት ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ቆርቆሮው ይነሣ ያልኩት ከዚያ ተነሥቼ ነው። ተንቀሳቃሹን ወንበር ግን ቡና የሚያፈሉት እናት ቀድመውናል።

ከሰዓት በኋላ አይጠየፍን ለማየት ሄድን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙ የወጣለት ሀብታም ደሃ ሳይለይ የሁሉም ማዕድ ስለነበር ነው ይባላል። ጓደኛዬ ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ቆየ። ከዚያም ጉሊቶቹን ንድፉ ውስጥ እንዳላስገባቸው ነገረኝ። አራቱ ፎቆች የሚያርፉበት ቦታ እነርሱ የሚቀመጡበት ነው። «ከሱቅ ኪራዩ በፊት የእነርሱ መደብ ካልተሣለ ሲመረቅ አይገኙም» አልኩት። በዚህ ነገር ለስላሳ መሆን አልችልም። በአገራችን ስንት ቦታ ሲያምር ያሳመሩት ሰዎች ከውስጡ ወጡ!

በማግስቱ ጠዋት ካፊያ ነበር። ጓደኛዬ የታጠፈ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እናታችን፣ ሲዘንብ ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣብዎ?»

ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉና ተነሡ። ከገንዳው በላይ ካለው ድንጋይ ጀመሩ፤ የጎርፉን መንገድ በጫማቸው ጫፍ እየጠቆሙ ሲወርዱ እርሱ በወረቀቱ ላይ እያሠመረ ተከተላቸው። ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ለሁለት ይከፈላል» አሉት። ወረቀቱ እየረጠበ ስለነበር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከበላዩ ያዝኩለት።