ሳላዘው የሚፈናጠር እጄ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር።

እንጀራዬ ጎልፍ ነው። ለውድድር ብለን የምንዞር ተጫዋቾች ደመወዝ የለንም። ውድድሩ አራት ቀን ይፈጃል፤ በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ከ36 ጉድጓድ በኋላ፣ ማጣሪያውን ያላለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። የጉዞውና የማደሪያው ወጪ ግን የራሱ ነው።

እኔ ዓመት ከመንፈቅ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ኳሷን ከሩቅ ስመታ ደህና ነኝ። ከጉድጓዱ አንድ ሁለት እርምጃ ላይ ስቆም ግን የቀኝ እጄ አንጓ ሳላዘው ይፈናጠራል። ጎልፈኞች «ዪፕስ» ይሉታል፤ ስሙን እንኳ ጮክ ብለው መጥራት አይወዱም። የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊ ሜትር፣ ኳሷ 43 ያህል ናት፤ ሕፃን የሚያስገባትን እስት ነበር። የዱላ አያያዜን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ሐኪምም አየኝ። ለውጥ የለም።

ጀርመናዊው ጎልፈኛ በርንሃርድ ላንገር በዚሁ ችግር ደጋግሞ ተሠቃይቶ እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1993 ማስተርስ የተባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር አሸንፏል፤ እምነቱንም አይሸሽግም። እርሱን እያሰብኩ አንድ ሌሊት ተንበረከክሁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ወይ እጄን ፈውስ፣ ወይ ይህን ጨዋታ ከልቤ አውጣልኝ።» ባለቤቴም አብራኝ ጾመች። ሳምንታት አለፉ፤ እጄ ያው ነበር።

ከዚያ በአንዱ ውድድር፣ በሁለተኛው ቀን፣ ሊጠናቀቅ ሦስት ጉድጓድ ሲቀረው፣ በረጅሙ ሣር ውስጥ ዱላዬን ከኳሷ ኋላ ሳሳርፍ ኳሷ ግማሽ ጣት ያህል ተንከባለለች። ማንም አላየም። ለዚህ በቅጣት የሚጨመርብኝ አንድ ምት ማለት ግን ማጣሪያው ማለት ነበር። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ውጤቴን የሚይዘውን ተጫዋች ጠርቼ «ነክቻታለሁ፣ አንድ ቅጣት ጻፍብኝ» አልኩት። ኳሷን ወደ ቦታዋ መለስኩ። ያን ጊዜ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ቀለለኝ።

በ36ኛው ጉድጓድ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ቀረኝ። ካስገባሁ አልፋለሁ። ጎንበስ አልኩ፤ የሣሩን እርጥበት፣ የጉድጓዱን ነጭ ከንፈር አየሁ። አንጓዬን ጠበቅሁት፤ አልተነሣም። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ገባች፤ ድምፅዋን ሰማሁ።

የውጤት ወረቀቴን ስፈርም እጄን ደጋግሜ አየሁት። ጸጥ ብሏል። ለባለቤቴ ደውዬ «አለፍኩ» ከማለቴ በፊት «እጄ አልተንቀጠቀጠም» አልኳት። ስሙ ይክበር።