ለክኒኑ 20 ሰዓት፣ ለሰዉስ?

ዝናቡ ይሁን እሑድ መሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ልቤ ከብዷል። አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ረዳት የሆነችው ት. ደውላ "ሊድ (የረዳቶች ኃላፊ) አደረጉኝ" ስትለኝ እልል ማለት ሲገባኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ት.ን አውቃታለሁ፤ ከዚህም በላይ ይገባታል። ግን መቼ ትጀምሪያለሽ ስላት "ነገ ጠዋት" አለችኝ። ማን ሊያለማምድሽ ነው ስላት ደግሞ "የመድኃኒቱን ቁልፍ ሰጥተውኛል እኮ" አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችው ይቺ መልስ ናት።

እስቲ ሰዓቱን አስቡት። ናርሲንግ ሆም (የነርስ ክትትል ያለበት የአዛውንት ቤት) ውስጥ አንድ አዛውንት ለማጠብና ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለማዛወር የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 16ቱ በአስተማሪ ዓይን ሥር የሚሠሩ የተግባር ሰዓቶች ናቸው። እዚህ ሜሪላንድ 100 አድርሰውታል፤ ናርሲንግ ሆም ገብቶ ለመሥራትም ሌላ ፈተና አለ። አሲስትድ ሊቪንግ (አዛውንት በረዳት እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት) ውስጥ መድኃኒት ለመስጠት 20 ሰዓት የሜድ ቴክ (የመድኃኒት ረዳት) ኮርስ መውሰድ፣ በየሁለት ዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል። ሥራውን በውክልና የሰጠችው ነርስም ቢያንስ በየ45 ቀኑ እየመጣች ነዋሪውን ታያለች። ከ5 አልጋ ጀምሮ ያለ ቤት ማናጀር ለመሆን 80 ሰዓት ኮርስና ፈተና አለ። በሜድ ቴኳና በማናጀሩ መሀል የቆመችው፣ ስምንት ሰው የምታሰማራው፣ ጠዋት የቀረ ሰው ቦታ የምትሞላው፣ የነዋሪ ልጅ ተቆጥታ ስትመጣ ፊት ለፊት የምትቆመው ሊድ ግን ስንት ሰዓት ተማረች? ብዙ ቦታ መልሱ ምንም ነው። አንዲት ክኒን ለመስጠት ፈተና እንፈትናለን፤ ክኒኑን የሚሰጡትን ሰዎች ለመምራት ግን ቁልፍ ብቻ ይበቃል እንላለን።

አመራረጡም ያሳስበኛል። ሊድ የምትሆነው አብዛኛውን ጊዜ እምቢ የማትል ልጅ ናት። ተደውሎላት ያልመጣችበት ቀን የለም፣ ደብል (ሁለት ሺፍት በተከታታይ) ሥሪ ስትባል ትሠራለች፣ ነዋሪዎቹ ይወዷታል። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሊድነት በየቀኑ እምቢ ማለትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። እምቢ ባለማለቷ የተመረጠች ልጅ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሁሉንም ሥራ ራሷ እየሠራች ወገቧ ይቆረጣል፤ ከዚያ "ሊድነት አይሆነኝም" ብላ ትተወዋለች። ያልሆነው ግን ማንም ስላላስተማራት ነው።

ለምሳሌ የምድብ ወረቀቱን ልውሰድ። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፤ 24 ነዋሪ፣ 3 ረዳት፣ ስምንት ስምንት። እኩል ይመስላል። ግን የአንዷ ስምንት ውስጥ ሦስት በሆየር ሊፍት (ሰው በጨርቅ ተይዞ በሚነሳበት ማሽን) የሚነሱ አሉ፣ ሁለቱን ማጉረስ ያስፈልጋል፣ አንዷ ደግሞ ዛሬ የሻወር ቀኗ ነው። ሆየር ሊፍት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዷ ማሽኑን ትይዛለች፣ ሌላዋ ስሊንጉ (መያዣ ጨርቁ) ውስጥ ያለውን ሰው ጭንቅላትና እግር እየጠበቀች ወደ ወንበሩ ትመራለች። ልጅቷ አንዴ ትጠራለች፣ ሁለቴ ትጠራለች፤ የሚመጣ የለም፣ ሁሉም የየራሱ ስምንት አለበት። የቁርስ ሰዓት ደረሰ። ብቻዋን ታነሳለች። ሰው የሚወድቀው ያኔ ነው። ማጣራቱ ሲመጣም "ለምን ብቻሽን አነሳሽ" የምትባለው እሷ ናት፤ ወረቀቱን ስምንት ስምንት ብሎ የከፈለውን ሰው የሚጠይቅ የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

ትክክለኛው አካሄድ ከከባዱ መጀመር ነው። መጀመሪያ በሁለት ሰው የሚነሱት ስም ይጻፋል፤ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደሚያነሳቸው አብሮ ይጻፋል። "ተረዳዱ" ብሎ መተው ስምምነት አይሆንም፤ ሰዓት የሌለው እርዳታ አይመጣም። ቀጥሎ የሚጎረሱት ይከፋፈላሉ፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሳያጣድፍ በአንዴ ሦስት ሰው ሊያጎርስ አይችልም፤ ከተጣደፈ ደግሞ ትንታ አለ። ከዚያ ሻወር። ራሳቸውን የሚችሉት መጨረሻ ላይ ክፍተት ይሞላሉ። እንዲህ ሲሠራ አንዷ ስድስት፣ ሌላዋ አሥር ነዋሪ ልትይዝ ትችላለች፤ ፍትሑም እሱ ነው። ግን ለምን እንደሆነ ጠዋት ሁሉም ቆመው ባሉበት ጮክ ተብሎ ካልተነገረ ወረቀቱ የዘመድ አሠራር ይመስላል። ሜሞሪ ኬር (የመርሳት ሕመም ያለባቸው የሚኖሩበት ክፍል) ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እዚያ ያሉ ነዋሪዎች ስም ባይይዙም እጅና ድምፅ ይለምዳሉ፣ ሰው በየቀኑ ከተቀያየረባቸው ሻወር እምቢ ማለቱ፣ መማታቱ ይበዛል። ስለዚህ እዚያ ምድብ አይነካካም።

ቁልፉ ራሱም ትምህርት አለው። ናርኮቲኩ (ሱስ የሚያስይዘው፣ ተቆልፎ የሚቀመጠው መድኃኒት) ሳይቆጠር ቁልፍ አይወሰድም። የምትገባው ክኒኑ የታሸገበትን ካርድ በዓይኗ እያየች የቀረውን ክኒን ትቆጥራለች፣ የምትወጣው ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። የካርዱን ጀርባ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ፎይሉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፎ ከተገኘ ቁጥሩ ቢሞላም ውስጡ ያለው ክኒን ያው መሆኑ አይታወቅም። ቁጥሩ ካልገጠመ ነርሷ ሳይደወልላት ማንም ከቤቱ አይወጣም። ችግሩ የሚመጣው ወደ ሁለተኛ ሥራዋ ልትደርስ የምትሮጥ ጓደኛ "አምንሻለሁ፣ ፈርሚልኝ" ስትል ነው። በእኛ መሀል ይህን እምቢ ማለት ክፋት ይመስላል። ሳትቆጥር የፈረመች ልጅ ግን ከእሷ በፊት የጠፋውን ክኒን በራሷ ስም ተቀበለች ማለት ነው። ፈቃዷ ሊሄድ ይችላል።

ሌሊቱ ደግሞ ብቻው የሚፈራ ነው። ናርሲንግ ሆም ከሆነ በየሺፍቱ ፈቃድ ያላት ቻርጅ ነርስ (ሺፍቱን የምትመራ ነርስ) እንድትኖር ሕጉ ያስገድዳል። አሲስትድ ሊቪንግ ላይ ግን ሌሊት ከሁሉም በላይ ያለችው ሜድ ቴክ የሆነችበት ቤት ብዙ ነው፤ ነርሷ በስልክ ናት። ሰው ሲወድቅ የመጀመሪያው ደመ ነፍስ ማንሳት ነው፤ አይነሳም። አጠገቡ ሰው ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይደውላል። ስልኩ ላይ ነርሷ የምትፈልገው "ደህና ይመስላል" የሚል ቃል አይደለም። ያወራል ወይ፣ ጭንቅላቱን መትቷል ወይ፣ እግሩ ከወትሮው አጥሮ ወይም ዞሮ ይታያል ወይ፣ እንደ ኤሊኩዊስ ወይም ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል ወይ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ ጭንቅላቱን የመታ ሰው ቢስቅም 911 ነው። ይህን አራት ጥያቄ ካርድ ላይ ጽፎ ሜድ ካርቱ (የመድኃኒት ጋሪው) ላይ መለጠፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አዲሷን ሊድ ግን ከብዙ ድንጋጤ ያድናታል።

ሰውን ማረም ለእኛ ልጆች ከሁሉም የከበደው ይመስለኛል። ከእናቷ እኩያ የሆነች፣ እትዬ እያለች የምትጠራትን ሴት "አልጋው ዝቅ አላለም" ብላ እንዴት ትንገራት? ብዙዎቹ ዝም ብለው ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር እንዲህ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሲበቃቸው ኮሪደር ላይ፣ በሰው ፊት፣ የወሩን ሁሉ በአንዴ ያወርዱባታል። እትዬም በልጅ ተዋረድኩ ብለው ያኮርፋሉ። መንገዱ እዚያው ሺፍት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ያየሽውን አንድ ነገር ብቻ ማለት ነው፤ "እትዬ፣ የ12 ቁጥር አልጋ ከፍ እንዳለ ነው የተገኘው፤ ኑ አብረን እናውርደው፣ ለሚቀጥለው ግን እርስዎ ይዩልኝ።" ሁልጊዜ፣ መቼም፣ እርስዎ እኮ፣ የሚሉት ቃላት አይገቡበትም። አክብሮቱ ሳይነካ ሥራው ተነገረ። ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ቀኑ ይጻፋል፤ ይህ ክስ አይደለም፣ ከወር በኋላ "መቼ?" ሲባል መልስ እንዲኖር ነው።

አማርኛችንም አለ። ነዋሪ አልጋ ላይ ሆና በላይዋ አማርኛ ከተወራ፣ በተለይ ዲሜንሺያ ካለባት፣ ስለ እሷ የሚወራ ይመስላታል፤ ትረበሻለች። ከሄይቲ፣ ከካሜሩን፣ ከፊሊፒንስ የመጡት ባልደረቦችም ዝም ይላሉ እንጂ ያያሉ። ሊዷ አበሻ ከሆነች ደግሞ ስኬጁሉን በዚያ ዓይን ነው የሚያነቡት። ስለዚህ አዲስ ሊድ የምትመዘነው በበዓል ነው። ዲሴምበር 25 ላይ የእኛ ሰው ሠርቶ ጃንዋሪ 7 ማረፉ ለሁሉም የሚጠቅም ልውውጥ ነው፤ ግን ከሳምንታት በፊት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ "ለራሳቸው ሰው አደረጉ" ይባላል። የዒዱም፣ የፈረንጆቹ ፋሲካም በዚያው ወረቀት ላይ መግባት አለበት። ንጋት ላይ "አልመጣም" የሚል ስልክ ሲመጣም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ 40 ሰዓት ያልሞላቸው ይጠየቃሉ፣ ቀጥሎ ኦቨርታይም የሚፈልጉ፣ መጨረሻ ኤጀንሲ (ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚልክ ድርጅት)። ማን እንደተጠየቀ፣ ምን እንዳለ ይጻፋል። ካልተጻፈ ሁልጊዜ የሚደወለው እምቢ ለማትለው ለአንዷ ነው፤ እሷም አንድ ቀን ሥራውን ጥላ ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከዚህ በላይ ያለውን ደረጃ አሰብኩ። ለምን ብዙዎቻችን ሜድ ቴክ ላይ ቆመን እንቀራለን? ችሎታ እንዳይባል አገር ቤት ዲግሪ ያለው ስንቱ ነው። የሚያስረን ሁለተኛው ሥራ ነው። አንድ አሠሪ ጋ ከ40 ሰዓት በላይ ከተሠራ ትርፉ በአንድ ተኩል ይከፈላል፤ ሁለት የማይገናኙ አሠሪዎች ጋ እዚህ 40፣ እዚያ 32 ቢሠራ ግን 72 ሰዓት ያለ አንዲት ደቂቃ ኦቨርታይም ያልቃል። የኤልፒኤን (የመጀመሪያው ደረጃ ነርስ) ትምህርት አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና፤ የሚፈልገው ግን የማይቀያየሩ ቀናት ነው። የሊድነት ጭማሪ ብዙ ቦታ ሁለተኛውን ሥራ ለመተው የሚያበቃ አይደለም፤ ስኬጁሉን ግን ያናጋዋል። ስለዚህ ሊድነት ለአንዳንዱ ሰው ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዘጋበታል።

ለዚህ ነው ሹመት ሲመጣ ከደስታው ቀጥሎ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ የምለው። የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ አለ ወይ? ሊድ ሆኜ የራሴ ስምንት ነዋሪም ይኖረኛል ወይ? ሙሉ ምድብ ይዞ ሌላውን ማየት አይቻልም፤ ቢያንስ ግማሽ መሆን አለበት። ጠዋትም፣ ማታም፣ ሌሊትም ከነባር ሊድ ጋር አብሬ የምሠራባቸው ሺፍቶች ስንት ናቸው? ሌሊት ስደውል ስልኩን የምታነሳው ማን ናት፣ እሷ ካላነሳችስ? ጭማሪው ከየትኛው ቼክ ይጀምራል? የማይነኩ የትምህርት ቀናት ይሰጡኛል ወይ? ትምህርት ቤት እንከፍላለን ካሉ ደግሞ ለስንት ጊዜ እዚያው መሥራት እንደሚያስገድድ፣ ቀድማ ብትወጣ ስንት እንደምትመልስ ሳይነበብ አይፈረምም። ይህን መጠየቅ ማመስገን አለማወቅ አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ሲያዩ የሚያከብሩ አለቆች አሉ፤ የማያከብሩትን ደግሞ ቁልፉን ከመቀበል በፊት ማወቁ ይሻላል።

ለት. ነገ ከሺፍት በፊት ይህን እልክላታለሁ። ግን አንድ የማይፈታልኝ ነገር አለ። ት. ሊድ የተደረገችው እጇ ጥሩ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው አንድ ሰዓት ለምኖ ያላሳጠበውን ሰው እሷ ፎጣውን አሙቃ፣ መጀመሪያ እግሩን ብቻ አጥባ፣ ቀስ ብላ ሙሉ ሻወር ታስገባዋለች። ከነገ ጀምሮ ግን ያ እጅ ወረቀትና ስልክ ሊይዝ ነው። የተሻለ ደመወዝና ክብር ያለው ከአልጋው በራቀ ቁጥር ነው። አዲስ ሰው ለሚያለማምዱ ረዳቶች ትንሽ ጭማሪ የሚሰጡ፣ ሲኤንኤን (የሠለጠኑ የነርስ ረዳቶችን) በደረጃ የከፈሉ ቤቶች አሉ፤ ጭማሪው ግን ቤት ኪራይ አይነካም። ነርስ መሆን የማትፈልግ፣ አለቃም መሆን የማትፈልግ፣ ይህንኑ የምትወደውን ሥራ እያጠራች ማርጀት የምትፈልግ ሴት በዚህ ሙያ ውስጥ የምታድገው ወደየት ነው?